«አብሽሪ» ለማለት

እስቲ ስሙኝማ። ከወልድያ መናኸሪያ ወደ ደሴ በሚወርድ ሚኒባስ ላይ በሩን ይዞ የሚጣራው ረዳት የሚጠራቸውን አገሮች ልብ ብላችሁ አድምጣችሁ ታውቃላችሁ? «ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ!» መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እሱ ግን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። እኔ የየጁ ልጅ ነኝ፤ ይህን ጥሪ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ጥሪ ውስጥ ምላስ ስንት ጊዜ ከፊት ጥርስ ጀርባ ደርሳ እንደምትመለስ ያወቅሁት ግን በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ነው። ከስድስቱ አገሮች አጥርታ የጠራችው ሐይቅን ብቻ ነበር።

ልጅቱ መርሳ ውስጥ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ታሪኳን እንድተርክ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን ለራሷ አስቀርታዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከፍንጭቷ ግራና ቀኝ ያሉት የላይኛው የፊት ጥርሶቿ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ነበሩ። ስትስቅ የነጠላዋ ጫፍ ወደ አፏ ይሄዳል፤ ፎቶ ሲነሱ ከንፈሯን ገጥማ ትቆማለች። አረብ አገር ያለች ታላቅ እህቷ ገንዘብ ላከችላትና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ገባች። ሐኪሙ ራጅ አስነሳት፤ ድዷን አየ፤ የጥርሷን ቅርጽ ወሰደ። ከዚያ ወይ የጥርስ ሽቦ፣ ወይ ግልጽ ፕላስቲክ ምረጪ አላት። ሕፃናት ፊት የምትቆም ናትና ፕላስቲኩን መረጠች። አይታይም ተባለች፤ እውነትም አይታይም። እንደሚሰማ ግን የነገራት አልነበረም።

ነገሩ አላይነር ይባላል። የጥርስን ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ልባስ ነው፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ጥርስን በልባስ ቀስ እያሉ መግፋትን ሃሮልድ ኬስሊንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ገና በ1945 እ.ኤ.አ. አስቦት ነበር። ለገበያ ያበቃው ግን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዚያ ቺሽቲ ነው። ይህ ሰው በጉልምስናው ጥርሱን ሽቦ አሳስሮ ነበር። ሽቦው ከወለቀ በኋላ የሚጠለቀውን ማቆያ ፕላስቲክ ትቶት ሲሰነብት ጥርሱ ሸሸት ይላል፤ መልሶ ሲያጠልቀው ደግሞ ጥርሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ካስተዋለ በኋላ በ1997 እ.ኤ.አ. ከኬልሲ ዊርዝ ጋር አላይን ቴክኖሎጂን መሠረተ፤ ኢንቪዛላይን የሚባለው ምርት ከዚያ ወጣ። ዛሬ አላይነርን ብዙ ኩባንያዎች ይሠሩታል።

እያንዳንዱ ልባስ ጥርስን የሚገፋው ቢበዛ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይጣልና ተከታዩ ይጠለቃል። እኛ የሀብሩ ሰዎች የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ጎረቤቶች ነንና በጤፍ ልንገራችሁ፤ አንድ ልባስ ጥርስን የሚያስኬደው የአንዲት ጤፍ ቅንጣት ሩብ ያህል ነው። የፕላስቲኩ ውፍረትም ከአንዲት ጤፍ አይበልጥም። እንግዲህ የአስተማሪዋን አንደበት ያሰረችው ይህች ጤፍ ናት።

የመጣች ዕለት ማታ እህቴ ቡና አፍልታለች፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። ልጅቱ ደጃፍ ላይ ቆማ «እንዴት ነሽ እማ? እንዴት ሰነበትሽ?» ልትል ነበር። የወጣው ሌላ ነው። ምራቋ በዛባት፤ ምላሷ ጥርሷ መሀል ገባች፤ ሽ የምትባለዋ ፊደል እንደ እርጥብ እንጨት እፍታ ብቻ ሆና ቀረች። የእህቴ እጅ ረከቦቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ልጄን ምን አደረጉብኝ? ኮልታፋ አድርገው ሰደዷት!»

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁማችሁ። ይህን ነገር ከዚያ ማታ ጀምሮ ሳሰላስለው ኖሬያለሁ። አማርኛ ወንድን ሲያናግር ነህ፣ መጣህ፣ ልጅህ ይላል፤ ትንፋሹ ከጉሮሮ ይወጣል እንጂ ጥርስ አይጠይቅም። ሴትን ሲያናግር ነሽ፣ መጣሽ፣ ልጅሽ ነው፤ ምላስ ተነሥታ ከላንቃ ሥር ጠባብ መንገድ አበጅታ ትንፋሹን ወደ ጥርስ መልቀቅ አለባት። ትእዛዙም እንዲሁ ነው። ለወንዱ ውሰድ ያልነው ለሴቷ ውሰጂ ይሆናል። ክፈት ያልነው ክፈቺ፣ ቁረጥ ያልነው ቁረጪ፣ ጨርስ ያልነው ጨርሺ፣ ያዝ ያልነው ያዢ። አንተ ያልነውም አንቺ። ስለ ሴት ስናወራ ደግሞ መጣች፣ ሄደች ነው። ስለዚህ አማርኛ የሴትን ወገን በአብዛኛው ከጥርስ አጠገብ ነው ያስቀመጠው ማለት ነው። ልጅቱ ወንዱን ጎረቤት «እንዴት ነህ» ስትለው አንደበቷ ንጹሕ ነበር፤ እናቷን ስታናግር ይያዛል። እህቴ ይህን አስተዋለችና በሦስተኛው ቀን «እኔን ስታናግሪ ነው የሚብስብሽ፤ ምን በደልኩሽ?» አለቻት። ይህን መቼም አልረሳውም።

ቁጥርም አለላችሁ። እስቲ ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ሰ ወይም ዘ የሌለባቸው አንድ፣ ሁለትና አራት ብቻ ናቸው። በአሥር በአሥሩ እስከ ዘጠና ብትወጡ ደግሞ የሚተርፉት ሃያና አርባ ናቸው። መርሳ የብርቱካን አገር ናት። ልጅቱ ገበያ ወርዳ ዋጋ ስትጠይቅ ሻጯ ስልሳ አለቻት። በሃምሳ ልትከራከር አሰበች፤ ቃሉን ለማውጣት አፈረችና አርባ አለች። ሻጯ በዋጋው ተቆጥታ ፊቷን አዞረች፤ ልጅቱም ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰች። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ከገንዘቡም፣ ከጉዳዩም እንዲህ እየጎደለ ይኖራል።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት ቤቱ ነበር። ዓመቱ የኮሮና ዓመት ነው፤ ትምህርት ቤቶች ከወራት መዘጋት በኋላ ተከፍተው አስተማሪውም ተማሪውም ጭምብል አድርጓል። ጭምብል ቀጫጭን ድምፆችን፣ በተለይ ሰንና ሸን ያፍናል፤ ልጆቹ ከንፈሯንም አያዩም። «ሰ ሱ ሲ» ስትል ክፍሉ ሙሉ ሕፃን ያንኑ የተኮላተፈ ድምፅ ተቀብሎ በአንድነት መለሰላት። የአንደኛ ክፍል ልጅ መምህርቱ ያለችውን ነው የሚለው። ክፍል ውስጥ እንባዋን ዋጠች፤ ቤት መጥታ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ልትገባ ስትል ፕላስቲኩን እያወለቀች በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ትከት ጀመር። አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት፤ የሚቀረው ጥቂት ሰዓት ለምግብና ጥርስ ለመቦረሽ ነው። እሷ ግን ስታስተምር አወለቀችው፤ ስትበላ አወለቀችው። ከዚያ ደግሞ የወሎ ቡና አለ። ትኩስ ቡና ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ ቀለሙንም ይለውጠዋል፤ ስለዚህ አውልቆ መጠጣት ግድ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ አቦልና ቶናን ጠጥቶ በረካን ጥሎ መነሣት ነውር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ጫት የሚቅምማ ሰው ቢሆን የባሰ ነው፤ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ይበላበታል። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ተከታዩን ልባስ ልታጠልቅ ስትሞክር አልገጥም አላት፤ በጥርሷ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ክፍተት ቀረ። ወደ ሐኪሙ ስልክ መታች። «ወደ መጀመሪያው ተመለሺ» አላት። «እያወለቅሽ የምትናገሪ ከሆነ ጥርስሽም አይሄድ፣ ምላስሽም አትማር።»

ያን ሰሞን ማታ ከእህቴ ቡና ላይ ሁለት ሽማግሎች ነበሩ። አንዱ የሰፈሩን ደረሶች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሼህ ናቸው፤ አንዱ መሪጌታ ናቸው። ወሎ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጣቸው ብርቅ አይደለም። የልጅቱን አንገት መድፋት አይተው መሪጌታው ነቢዩ ሙሴን አነሡ። አፉ የከበደ፣ ኮልታፋ ሰው እንደ ነበር፣ ፈርዖን ፊት ሂድ ሲባል ይህንኑ ምክንያት እንዳቀረበ፣ አሮን እንደታዘዘለት ነገሯት። ሼሁም ቀበል አደረጉና የእኛም ሙሳ እሱው ነው አሉ፤ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ጌታውን እንደለመነ፣ ያን ዱዓ ደረሶቻቸው ቂርኣት ሲጀምሩ እንደሚያደርሱት ነገሯት። መሪጌታው ከመጽሐፈ መሳፍንትም ጨመሩ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ ሺቦሌት በል እያሉ፣ ሽን መጥራት አቅቶት ሲቦሌት ያለውን የኤፍሬም ሰው ሁሉ እንደገደሉና የሞቱትም 42 ሺህ እንደ ነበሩ አወሩ። «ሽ ቀላል ፊደል አይደለችም፤ ሳታስመልሻት እንዳትተኚ» አሏት።

መንገዱን ያሳዩዋት ግን ሼሁ ናቸው። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነዋ! ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው እያንዳንዱ ፊደል ከአፍ ውስጥ የሚወጣበትን ቦታ ያስተምራል፤ መኽረጅ ይሉታል። ዐረብኛ ሲን እና ሣ የሚባሉ ሁለት ፊደላት አሉት። ለሣ የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርስ ጠርዝ ይነካል። ለሲን ወደ ውስጥ ትመለስና ትንፋሹ እያፏጨ ይወጣል፤ ሲን፣ ሷድና ዛይ የፉጨት ፊደላት የሚባሉት ለዚህ ነው። ሼሁ ለጥቂት ጊዜ አዳመጧትና «አንቺ ሲን ልትይ ሣ ነው የምታወጪው» አሏት። «ምላስሽ ያን ፕላስቲክ ልትዳስስ ወደ ፊት እየወጣች ነው። ተያት። ጫፏን ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ አሳርፊና ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።» ደረሳ እንደሚያስቀሩ እሳቸው ይላሉ፣ እሷ ትከተላለች። በዚያ ማታ ብዙ ጊዜ ተሳሳተች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ግን ፉጨቷ ጥርት ብላ ወጣች። ሁላችንም ሰማናት።

ሐኪሞች የሚሉትም ከዚህ አይርቅም። ሰ ለማለት ምላስ መሀሏን እንደ ቦይ ታጎደጉዳለች፤ ትንፋሹ በቦዩ ሄዶ የፊት ጥርስን ጠርዝ ይመታል፤ ድምፁ ከዚያ ይወለዳል። ቦዩ በጣም ጠባብ ነውና የአንዲት ጤፍ ውፍረት ሲጨመርበት ትንፋሹ መንገድ ይስታል። ፕላስቲኩ መንጋጋዎቹንም ስለሚሸፍን ላይና ታች እንደ ቀድሞው አይገጥሙም። አፍም እንግዳው ነገር ምግብ እየመሰለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅ ያበዛል። ምላስ ግን ትማራለች፤ የምትማረውም ጆሮ ስሕተቷን እየሰማ፣ እሷ ቦታዋን በጥቂቱ እያስተካከለች ነው። አብዛኛው ሰው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ ይለምደዋል። ዝም ያለ ሰው ግን ጆሮው የሚሰማው ስሕተት የለም፤ ምላሱም የምታርመው የላትም። ከዚያ ሁሉ ነገር እኔ የያዝኩት ይህን ነው።

እናላችሁ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። እህቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የልጇን አንደበት ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማታ ማታ ጎመን እየቀነጠበች «ክፈቺ በይኝ» ትላታለች። «ቁረጪ በይኝ። ያዢ በይኝ። ጨርሺ በይኝ።» ልጅቱም ዕድሜ ልኳን ያላዘዘቻትን እናቷን ስታዝ ታመሻለች። ብቻዋን ስትሆን የሚኒባሱን ረዳት ጥሪ ትጠራለች። ቁጥር ትቆጥራለች። «ሰባት ሸማኔዎች ስልሳ ሸማ ሸምነው ሰኞ ሲሪንቃ ሸጡ» የምትል ዓረፍተ ነገር ራሷ አበጅታ፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ እያፈጠነች ትደጋግማታለች። ድምፅዋንም በስልኳ እየቀዳች ታዳምጥ ነበር። የገዛ ድምፃችን በአጥንታችንም በኩል ወደ ጆሯችን ይገባልና እኛ የምንሰማውና ሌላው የሚሰማው አንድ አይደለም። በስልኩ ስትሰማው ስሕተቷ እሷ ካሰበችው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘችው። በማግሥቱ ፕላስቲኩን ሳታወልቅ ክፍል ገባች።

ቡናውም መፍትሔ ተገኘለት። እህቴ የማታውን ቡና ከእራት ጋር አያይዛ አንድ ላይ አደረገችው፤ አንድ ጊዜ ወልቆ አንድ ጊዜ ይጠለቃል። የጠዋቱን ደግሞ ጎረቤት ለልጅቱ ይቅርታ አደረገላት። ለመርሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ መሀል አንዲት አክስታችን መጥተው «ፍንጭትሽንም ሊዘጉት ነው እንዴ?» ብለው ደንግጠው ነበር። ፍንጭት እኛ ዘንድ ውበት ነው፤ ብዙ ዘፈን ተዘፍኖለታል። ፍንጭቷ እንዲቆይ ለሐኪሙ ከመጀመሪያው ነግራው ነበርና እሳቸውም ተረጋጉ። ደግ አድርጋለች፤ ሰው ጥርሱን ሲያስተካክል የሌላ አገር ሰው ፈገግታ መዋስ የለበትም።

ወደ መጀመሪያው ልባስ በተመለሰች በዘጠነኛው ቀን ነው። እህቴ ጀበናውን ከከሰሉ ስታነሣ ክዳኑ አመለጠና ትኩሱ ውኃ እጇ ላይ ፈሰሰ። ልጅቱ ከመደቡ ዘላ ተነሣች፤ «አብሽሪ እማ! አብሽሪ፣ አብሽሪ!» እያለች እጇን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችላት። አብሽሪ የምትለዋን ቃል የወሎ ሰው ያውቃታል፤ አይዞሽ ናት፣ ግን ከአይዞሽ ትሰፋለች። «ሽ»ዋ ጥርት ያለች ነበረች። ልጅቱ አላወቀችም፤ እህቴ ናት ያወቀችው። እጇ እየነደደ «ሰማችሁ?» አለችን።

ከዚያ በኋላ አዲስ ልባስ በተለወጠ ቁጥር ለአንድ ለሁለት ቀን ምላሷ ትንሽ ትደናቀፍ ነበር እንጂ ያ ችግር አልተመለሰም። እስከ ነሐሴ 2013 አሥራ አራተኛው ላይ ደርሳለች። የቀሩትን ልታመጣ አዲስ አበባ ልትወርድ ስትዘጋጅ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 መንገድ የለም፤ ስልክ የለም፤ የአካባቢው የሕክምና ተቋማትም ተዘረፉ። በዚያን ጊዜ ስለ ጥርስ ማን ያስባል? ልጅቱ ግን አሥራ አራተኛውን ልባስ ጠርዙ እስኪሰነጠቅ ድረስ ከአፏ አላወጣችውም፤ ጥርሱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የመጨረሻውን ልባስ ይዞ መቆየት እንደሚረዳ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯት ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሄደች፤ ቅርጹ እንደገና ተወሰደ፤ ጥቂት ልባሶች ተጨመሩላት። በ2014 ማብቂያ ጨረሰች። ዛሬ ማታ ማታ ማቆያውን አጥልቃ ትተኛለች።

ውጭ አገር ላላችሁ ዘመዶቻችን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐኪም አፉን ያላየለትን ሰው ጥርስ በፖስታ በሚላክ ፕላስቲክ አታስገፉ። ድዱ የታመመ፣ ሥሩ የላላ ጥርስ ሲገፋ ሊወልቅ ይችላል። በዚህ መንገድ ይሠራ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ በሩን ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞቹ መሀል ላይ ቀርተዋል። ሩቅም ቢሆን ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ። አንደበታቸው ለጥቂት ሳምንት እንደሚያዝም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የእኛይቱን የጎዳት አለማወቋ ነው። እናንተም ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ቃሉን አትንጠቁት፤ እስኪጨርስ ጠብቁት።

የላይኛው የፊት የወተት ጥርስ የሚነቀለው በ6 እና በ8 ዓመት መካከል ነው፤ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ዕድሜ መሆኑ ነው። በየዓመቱ እሷ ክፍል ውስጥ ጥርሳቸው የወለቀ፣ ሰ ሲሉ ትንፋሹ የሚያመልጣቸው ልጆች አሉ። ባለፈው ዓመት ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆሜ አየኋት። አንድ ወላቃ ልጅ ሰን ማለት አቅቶት ሌሎቹ ሲስቁበት አጠገቡ ሄዳ ተንበረከከች፤ አፏን ከፍታ ምላሷን የት እንደምታሳርፍ አሳየችው፤ «አብሽር» አለችው። ልጁም አየና ሞከረ።